ያዞረ አያንብብ

የጋሼ ታደለን ማረፍ የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ካልቨር ሲቲ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መኪና ማቆሚያ ኃላፊ ነኝ። ሁለት ሰዎች ለአንድ ማቆሚያ ቦታ ተጣልተው መሀላቸው ገብቼ ስገላግል ስልኬ ጠራ። ልጃቸው ሜሮን ነበረች። ሎንግ ቢች ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ስለሆነች ይሁን ወይም አባቷን መስላ፣ በረጋ ድምፅ ነው የነገረችኝ።

“ጋሽ ደረጀ፣ አባዬ ዐረፈ” አለች። “ዛሬ ጠዋት። አልተሠቃየም።”

ሁለቱን ሰዎች እንደተፋጠጡ ትቻቸው ደረጃው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከቀብሩ በኋላ ሜሮን አንድ ነገር ለመነችኝ። “ለአርባው ሰው ሲሰበሰብ ስለ አባዬ ትንሽ ነገር ተናገርልኝ። ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።” እሺ አልኳት። እሺ ማለት አይከብደኝም፤ ያጠፋኝም ይኸው እሺ ባይነቴ ነው። አሁን ወረቀት ይዤ ከተቀመጥኩ ስንት ቀኔ፣ ስለ ሰውዬው ምን እንደማውቅ ግራ ገብቶኛል። የማውቀውም ለአርባ የሚሆን ወሬ አይደለም።

ጋሼ ታደለ ጎረቤቴ ነበሩ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለች፣ አራት ቤት ባላት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ እኔና ባለቤቴ አልማዝ ከላይ፣ እሳቸው ከታች ብዙ ዓመት ኖረናል። ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ረቡዕ ረቡዕ መንገድ የሚጠርገው መኪና ከመምጣቱ በፊት መኪናዬን ሳላነሣ ስቀር ደጄን የሚደበድቡት እሳቸው ናቸው። “አንተ ደረጀ! ቲኬት ሊለጥፉብህ ነው፣ ተነሥ!” በመስኮት ብቅ ስል የራሳቸውን መኪና ቀድመው ወዲያ ማዶ አሻግረው፣ ከመንገዱ ጠርዝ እኩል አድርገው አቁመውታል።

ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ሃውቶርን ከተማ፣ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራቸው ሌላው የሠራውን ብረት ለክቶ “ይለፍ” ወይም “አይለፍ” ማለት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ያስጠላል፤ እሳቸውንም ሳያስጠላቸው አልቀረም። አንድ ጊዜ ሁለት ክፍል የምታያይዝ አንዲት ትንሽ የብረት ቅንፍ ከልኳ ትንሽ ወጥታ ስላገኟት “አይለፍ” አሉ። ዕቃው የዚያኑ ቀን መላክ ነበረበት። አለቃው ለመናቸው፣ ተቆጣቸው፣ በመጨረሻ ሌላ ሰው አስፈርሞ ላከው።

“ወር ሙሉ ያናገረኝ ሰው አልነበረም” ብለው አጫወቱኝ። “ምሳዬንም ብቻዬን ነበር የምበላው።”

“ታዲያ ምን ተሰማዎት?”

“ቅንፏ ልክ አልነበረችም” አሉኝ። ጥያቄዬ የገባቸው አልመሰለኝም።

ምግብ ቤት ስንገባ ደግሞ ከመቀመጣቸው በፊት ጠረጴዛውን በጣታቸው ይነቀንቁታል። ከተወዛወዘ ናፕኪን አጥፈው እግሩ ሥር ይወትፋሉ፤ እንደገና ይነቀንቁታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሜኑ የሚያነሡት። አስተናጋጇ “መሐንዲሱ መጡ!” እያለች ትስቅባቸዋለች። እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አልማዝ ልብስ ልታጥብ ወደ ኋላ ግቢ ወርዳ ባዶ እጇን እየሮጠች ተመለሰች።

“ደረጀ፣ ጋሼ ታደለ ጋራዥ ውስጥ ጥይት እየሠሩ ነው!”

“የምን ጥይት?”

“የጠመንጃ ነዋ! በዓይኔ አየሁ፣ ጠረጴዛ ሙሉ። ሶ ምን ልናደርግ ነው?”

ወረድኩ። እውነትም ጠረጴዛው ላይ የናስ ቀለሃዎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ ጠርዙ ላይ እጀታ ያለው የብረት መጭመቂያ በብሎን ታስሯል። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና “ግባና በሩን ዝጋው፣ ነፋስ ሚዛኔን ይነካብኛል” አሉ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማንን ሊመቱ ነው?”

“ወረቀት” አሉ።

እውነታቸውን ነበር። በወር አንድ ጊዜ፣ ሩበን ከሚባል የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ጋር፣ ከከተማ ወጥቶ ተራራው ሥር ወዳለው የተኩስ መለማመጃ ይሄዳሉ። ሃያ ጥይት ወረቀት ላይ ይተኩሳሉ፣ ወረቀታቸውን አጥፈው ይመለሳሉ። የተተኮሰውን ቀለሃ ለቅመው ያመጡና ቤታቸው እንደገና ይሞሉታል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ እንዲህ የሚያደርግ ሽማግሌም በዚህ አገር ብዙ ነው አሉኝ። አደን ሄደው አያውቁም። የበዓል ዶሮ እንኳ ማረድ አይወዱም። ታዲያ ወረቀት ለመብሳት ይኸ ሁሉ ጣጣ ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም፤ ዛሬም ገብቶኛል ብዬ አልምልም።

ያስጨነቃቸው ባሩዱ አልነበረም። መሃሉ ነበር።

“አየህ” አሉኝ፣ አንዱን ጥይት በሁለት ጣታቸው ይዘው። “ከታች ያለው ቀለሃው ነው፣ ከላይ ያለው አረሩ። አረሩ ቀለሃው አፍ ውስጥ ሲቀመጥ የሁለቱ መሃል አንድ መሆን አለበት። ትንሽ ካዘነበለ አፈሙዙ ውስጥም አዘንብሎ ይገባል። አዘንብሎ የገባ ደግሞ ወዴት እንደሚወጣ እግዜር ነው የሚያውቀው።”

“በስንት ቢያዘነብል ነው?”

“አንዷን ኢንች ሺህ ቦታ ክፈላት፤ ከዚያ እስከ ሁለቱ ድረስ እታገሣለሁ።”

ያ ስንት እንደሚሆን ስጠይቃቸው እጃቸውን ሰደው ከራሴ ላይ አንድ ጸጉር ነቀሉ። “ከዚህች ይቀጥናል” አሉ። ለራሰ በራነት ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝና ተቀየምኳቸው።

መለኪያዋ ትንሽ ነገር ናት። ጥይቱ በሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ በጣት ይዞራል። ከላይ የሰዓት ፊት የመሰለች ነገር አለች፤ ከእሷ የወጣች ቀጭን እግር አረሩን ትነካዋለች። አረሩ ከተወላገደ ጥይቱ ሲዞር መርፌዋ ወዲህና ወዲያ ትላለች። ቀጥ ካለ ትረጋለች። አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የሚችል ነገር ነው፤ ጋሼ ግን አይሠሩትም።

“ያዞረ አያንብብ፣ ያነበበ አያዙር” አሉኝ። የፋብሪካቸው ደንብ ይሁን የራሳቸው፣ አላውቅም። “ሰው የራሱን ሥራ ሲለካ ዓይኑ የሚያነበው የሚፈልገውን ነው። ሌላ ሰው ነው ማንበብ ያለበት። በፊት አበበች ታነብልኝ ነበር።” እትዬ አበበች የሞቱት ባለቤታቸው ናቸው። “ምሕረት የሚባል አታውቅም ነበር” ብለው ሳቁ። ከዚያም ባዶውን በርጩማ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች በሐቅ አነበብኩ። “ስድስት።” “ሰባት።” “ስድስት።” እሳቸው ያዞራሉ፣ የነገርኳቸውን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ አረሩን መልሰው ይነቅላሉ፣ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። አንድ ቅዳሜ አረሩን በአንድ ግፊት ከማስገባት ይልቅ ግማሹን ገፍተው፣ ጥይቱን ግማሽ ዙር አዙረው፣ ቀሪውን ገፉ። አምስት ላይ ደረስን። ሌላ ቅዳሜ ቀለሃውን ቅርጽ የሚያስይዘውን ብረት ፈቱና ከማሰሪያው ሥር ስስ የጎማ ቀለበት አስገቡ። “አጥብቄ ሳስረው ነው ለካ የሚወላገደው” አሉ። “ትንሽ ላላ ሲል መሃሉን ራሱ ፈልጎ ያገኛል።” ዐራት ላይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ ልክ የሆነው ወደ ቀኝ፣ ያልሆነው ወደ ግራ። የግራው ሞልቶ ሊፈስ ነው፣ ቀኙ ባዶውን ተቀምጧል።

በዚህ መሀል ሁዳዴ ገባ። ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። እኔም ፊታቸው መብላት አፍሬ አብሬ መዋል ጀመርኩ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጿሚ እንዳልነበርኩ አልማዝ ምስክሬ ናት። ወገባቸውን ይዘው ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። “ዐራት” ስላቸው “እሺ” ይላሉ። “አምስት” ስላቸው “እሺ” ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን እየቀነሰ ሄደ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ሥራዎ ወልጋዳ ነው፣ ሥራዎ ወልጋዳ ነው ስላቸው መዋል ምን የሚሉት አስተዳደግ ነው? ለታመመ ሰው እንኳ “ዛሬስ ፊትህ ተመልሷል” እንላለን። አንዱን ጥይት አዞሩት። መርፌዋ ስትወዛወዝ አየኋት።

“ሁለት” አልኩ።

ጣታቸው ቆመች። “ስንት አልክ?”

“ሁለት፣ ጋሼ።”

ጻፉት። ጥይቷን በቀስታ ቀኙ ሳጥን ውስጥ አስቀመጧት። ያን ዕለት ከፌርፋክስ ሽሮ ገዝተው ደረጃችንን ወጡና ከእኛ ጋር በሉ። እትዬ አበበች ከሞቱ ወዲህ ቤታችን ወጥተው ሲበሉ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ጥሩ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ “ዐራት” ብል ያለፈው ሳምንት ሐሰት ሊሆን ነው። ሁልጊዜ “ሁለት” ብል ደግሞ ይነቃብኛል። ስለዚህ አልፎ አልፎ “ሦስት” ጣል አደርጋለሁ፣ ለማስመሰል። ዓይኔ መርፌዋ ላይ ቢሆንም ማንበቡን ከተውኩት ቆይቷል፤ ቁጥር ማከፋፈል ነበር ሥራዬ። እሳቸው አንድም ቀን አንገታቸውን አስግገው መለኪያዋን አላዩም። በእኔና በእሷ መሀል አልገቡም።

በቀኙ ሳጥን ሃያ ጥይት የሞላ ቀን ጋሼ ከመሳቢያ ሁለት ወረቀት አውጥተው ጎን ለጎን ዘረጉ። አንዱ የቆየ ነው፤ ቀዳዳዎቹን ሁሉ አንድ የኳርተር ሳንቲም ይሸፍናቸዋል። ሁለተኛው የቅርብ ነው፤ መዳፌን ባኖርበት እንኳ የተረፈ ነበር።

“አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሜሮን እንዳትነግርብኝ” አሉ። “ወይ ጥይቱ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። ሜሮን መንዳት አቁም እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ዶክተሩን ስጠይቀው፣ እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል ይለኛል። ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል! እንዲህ ያለ ልክ አለ? ሶ እኔው ራሴን ልለካ ነው። ጥይቱ አሁን ቀጥ ብሏል፤ አንተ አንብበኸዋል። ቅዳሜ እነዚህን ሃያዎቹን እተኩሳለሁ። ወረቀቱ ላይ ከተሰበሰቡ ጥፋቱ የጥይቱ ነበር፣ ድራይቭ አደርጋለሁ። ከተበተኑ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ኦኬ? የዚያኑ ቀን የመኪናውን ቁልፍ አስረክባለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ልጅ አልገጭም።”

“ጋሼ... እንዲያው ለማንኛውም፣ አንድ ጊዜ ደግመን ብንለካቸውስ?” አልኩ።

“አንተ ለክተኻቸው የለም እንዴ?”

“ለክቻቸዋለሁ” አልኩ።

ያን ሳምንት በየቀኑ ልነግራቸው እወርዳለሁ፣ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ እወጣለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እንኳን ዝም አልኩ እላለሁ። መንዳት ቢያቆሙ ይሻላቸው ይሆን? እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ነበር የሚነዱት። አንድ ቀን ግን ፒኮ ጎዳና ላይ ከመሻገራቸው በፊት “መብራቱ አረንጓዴ ነው አይደል?” ብለው ጠይቀውኛል። አረንጓዴ ነበር። የጠየቁኝ ስላላዩት ይሁን ወይም ሌላ ሰው ያንብብልኝ ብለው፣ ከእሳቸው ጋር ይኸን መለየት አይቻልም። ለአልማዝ ነገርኳት። “አሁኑኑ ውረድና ንገራቸው!” አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ሩበን ቀድሞን ደርሶ ነበር። ጋሼ ሃያዎቹን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ ተኮሱ። ከኋላ ቆሜ እጃቸውን እያየሁ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ አይንቀጠቀጥ መለየት አልቻልኩም። ወረቀቱ መጣ። ቀዳዳዎቹ የትም የትም ነበሩ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩት፣ አጠፉት፣ “በቃ” አሉ። መኪናው ጋ ስንደርስ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው በተሳፋሪው በር ዞረው ገቡ። እስከ ፌርፋክስ ድረስ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሲያዩ መጡ። የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አልነገርኳቸውም።

ሜሮን በማግስቱ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። “አባዬ ራሱ ቁልፉን አስረከበ! አንተ ነህ ያሳመንከው፣ አውቃለሁ። ጎድ ብለስ ዩ!” ምን ልበላት? አሜን አልኳት።

ከወራት በኋላ ሩበንን ፈልጌ አገኘሁትና በዘዴ ጠየቅሁት። ጥይት ሁለት ቢወላገድ ወይም ዐራት ቢወላገድ ወረቀቱ ላይ ልዩነት ያመጣል ወይ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ትንሽ ሊያመጣ ይችላል፣ ምንም ላያመጣም ይችላል አለኝ። ደግሞ ያን ቀን ነፋስ ነበር አለኝ። ነፋስ እንደነበረ እኔ ትዝ አይለኝም። ከመሄዴ በፊት ከነበርኩት የባሰ ግራ ተጋብቼ ተመለስኩ።

ጋሼ ጠመንጃቸውን በሕጉ መሠረት ለሩበን አስተላለፉ። የቀረውን ጥይት ፈታትተው ጨረሱት፣ ጋራዡን ጠርገው ዘጉት። መኪና ከሌለ ሎስ አንጀለስ ሩቅ አገር ናት። በየሐሙሱ ሃውቶርን ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ምሳ ይበሉ ነበር፣ ቀረ። “ላድርስዎት” ስላቸው “አንተ ሥራ አለህ” ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር እሺ የሚሉኝ። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ምግብ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ጠረጴዛው ይወዛወዛል። የውኃ ብርጭቋቸው ውስጥ ውኃው ሲናወጥ እያዩ ሜኑውን አነሡ። እኔ ናፕኪን አጥፌ ጎንበስ ስል “ተወው፣ ምን ያደርጋል” አሉኝ።

ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ወጥተው የገቡት ካልቨር ሲቲ፣ ከሥራዬ ብዙም የማይርቅ የአዛውንቶች መንከባከቢያ ነበር። በምሳ ሰዓቴ እየሄድኩ አያቸው ነበር። ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ትራሳቸውን ሳቃናላቸው እጄን ያዙኝ።

“ደረጀ፣ እግዜር ይስጥህ” አሉ። “ሁሉም ያባብለኛል። ሜሮን ታባብለኛለች፣ ዶክተሩ ያባብለኛል። አንተ ባታነብልኝ ኖሮ ስለራሴ እውነቱን ሳላውቅ እሞት ነበር።”

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከመጀመሪያዋ “ሁለት” ጀምሮ፣ ለማስመሰል ጣል ያደረግኋቸውን “ሦስቶች”፣ ቅዳሜ መንገድ ላይ ዝም ማለቴን፣ አንድም ሳላስቀር። እያለቀስኩ ነበር። ይቆጡኛል፣ ወይ ውጣልኝ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲሉኝም እፈልግ ነበር።

እሳቸው ግን “ስንት ነበር?” አሉ።

“ምኑ ጋሼ?”

“የእውነቱ። የሃያዎቹ። መርፌዋ ስንት ስንት ትል ነበር?”

ለማስታወስ ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። መርፌዋ ስትወዛወዝ ትታየኛለች፤ ከቁጥሩ ላይ ግን አልደርስም። ጆሮዬ ላይ የቀረው የራሴ ድምፅ ነው፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። ደብተራቸው ላይ የተጻፈውም እሱው ነው።

“ዐራት... አንዳንዱ አምስት መሰለኝ” አልኩ።

“መሰለኝ አትበለኝ።”

“አላስታውስም ጋሼ።”

ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡና በሁለታችን መሀል፣ አየር ላይ ዘረጉት። እጁ ተንቀጠቀጠ። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት።

“ይኸ የዛሬው ነው” አሉኝ። “የዚያን ቀንስ?”